ሳይለቀቅ የቆየ ካርድ

ሥራ አስኪያጁ በሩን ራሱ ዘጋው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ፕሮግራመሯ አስጠጋ።

«የስምሪት ሰሌዳውን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ማን ምን እንዳንቀሳቀሰ ካንቺ አይደበቅም» አላት።

«ካርድ ከየት ወደ የት እንደሄደ ይታያል። ለምን እንደሄደ አይታይም።»

«ለምኑን እኔ አውቀዋለሁ። መስኮቱ ላይ ቆሞ የሚያንሾካሹክ ሾፌር ጥሩ መስመር ይደርሰዋል። አፉን ዘግቶ ያለፈ ድንጋይ ካባው መስመር ላይ ይወርዳል። ሐሙስ ሾፌሮቹ ባሉበት እንጨርሰዋለን። ከተረጋገጠ የስምሪት ኃላፊው ይሄዳል። እስከዚያ ስምሪት ክፍል ቁጭ በይና ሰውየውን እይልኝ። ማሽኑን የምትፈትሺ ምሰይ።»

እሺ አለች። አንድ ያልነገረችው ነገር ነበር። የስምሪት ኃላፊው የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው።

መደበቁን የጀመረው እሱ ነው። ሰሌዳውን ልትሠራ ከድርጅቷ ተልካ በመጣችበት ቀን ኮሪደር ላይ ክንዷን ያዝ አድርጎ፣ «እዚህ አጎቴ ምናምን የለም» አላት። «እንደ ሰው ሁሉ ጋሼ በይኝ፣ አንቱ በይኝ። የእህቱን ልጅ ሰገሰገ ሲሉኝ መስማት አልፈልግም።» ያን ጊዜ ጥንቃቄ መስሏት ነበር። አሁን፣ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትወጣ፣ ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ ይጠነቀቃል ወይ ብላ አሰበች።

ቦታው የአውቶቡስ ዴፖ ነው። የድንጋይ ካባው መስመር ሾፌር የሚቀጣበት መስመር ነው፤ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል፣ ጠጠሩ የፊት መስታወት ይሰነጥቃል፣ ለተሰነጠቀው መስታወት የሚጠየቀው ሾፌሩ ነው። የሆስፒታሉ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልት ነው። ድሮ ግድግዳው ላይ ባለ ምስማር የእንጨት ሰሌዳ ነበር። እያንዳንዱ ሾፌር ቁጥሩ የተቀረጸበት ክብ ቆርቆሮ አለው። አጎቷ ቆርቆሮውን አንስቶ የመስመሩ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ በቃ፣ ቀንህ ተወስኗል።

እሷ ያንን ወደ ስክሪን አመጣችው። በግራ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ካርድ ተደርድሯል። በቀኝ የሚወጡት አውቶቡሶች በሰዓታቸው ቅደም ተከተል ይታያሉ፤ ቀድሞ የሚወጣው ከላይ ነው። አውቶቡሱ በሩን ሲያልፍ ጥበቃው ቁልፍ ይጫናል፣ ረድፉ ይጠፋል፣ ከሥሩ ያሉት አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ። አጎቷ ካርዱን በማውስ ይዞ እየጎተተ ረድፉ ላይ ይጥለዋል። ረድፉ ላይ ሌላ ሰው ካለ፣ የቀድሞው ካርድ ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ይመለሳል። ይኸው ሥዕል ግቢው ውስጥ በተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ይታያል። ሾፌሩ ቁጥሩን ያያል፣ መኪናው ውስጥ ይገባል።

ለመጎተቻው አስቀድሞ የተዘጋጀ ኮድ ነበር። አልተጠቀመችበትም። ዝግጁው ሲጎተት የካርዱን የደበዘዘ ግልባጭ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ በጣት በሚነካ ስክሪን ላይም እንቢ ይላል። ስለዚህ የራሷን ጻፈች። ጣት ሲጫን፣ እጅ ሲንቀሳቀስ፣ ጣት ሲለቅ፤ ሦስቱንም ራሷ ይዛ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ካርድ በስህተት እንዳያነሳ ካርዱ የሚነሳው እጅ ትንሽ ርቀት ከሄደ ብቻ እንዲሆን አደረገች። የተነሳው ካርድ ጎኑን ጥቂት ዘንበል ያደርጋል፣ ከሥሩ ጥላ ይጥላል፣ የሚያርፍበት ረድፍ ቢጫ ይሆናል። ባዶ ቦታ ላይ ከለቀቁት ተንሸራትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዘንበል በማለቱ ትኮራ ነበር። አለቃዋ ለሌላ ደንበኛ ሲያሳይ እሱን ነበር ቀድሞ የሚያሳየው።

ሰሌዳው በሚይዘው መዝገብ ላይ ያገኘችው ነገር የሥራ አስኪያጁን ቃል የሚያጠናክር ነበር። ክላክስ የሚሉት ሾፌር፣ ድምፁ ከመኪናው ጥሩንባ ስለሚበልጥ ነው የሚሉት፣ ደጋግሞ ከተራ ጠባቂዎቹ በቀጥታ ሆስፒታል ላይ ተጥሏል። የጣለው የአጎቷ እጅ ነው።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ልብስ ትተኩሳለች።

«እማ፣ አጎቴ ሰሞኑን የተለየ ነገር ገዝቶ ያውቃል?»

እናቷ ካውያውን አቆመች። «ምን ሰምተሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ብለሽ ስለ ወንድሜ ኪስ አትጠይቂኝም። አታስጨንቂኝ፣ ምንድነው?»

«እንዲያው ነው አልኩሽ።»

«የገዛው ነገር የለም። ብርቱካን ግን ያመጣል።» እናቷ ካውያውን መልሳ አነሳች። «በፌስታል በፌስታል። ከየት ነው ስለው ሰው ሰጠኝ ይላል። ማን ሰጠህ ስለው ዝም። ወንድሜ ብርቱካን አይወድም እኮ፤ ጨጓራውን ነው የሚልጠው።»

ፕሮግራመሯ እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

በማግስቱ ስምሪት ክፍል ገብታ ጥግ ተቀመጠች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ወደ ግቢው የሚከፈት ባለ ፍርግርግ መስኮት። ሾፌሮች አንገታቸውን እያሰገጉ በፍርግርጉ ያወራሉ። ግድግዳው ላይ የድሮው ሰሌዳ ቦታ እስካሁን ነጣ ብሎ ይታያል።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለ አጎቷ።

«ማሽኑን ልፈትሽ ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ሆነና?»

«ምንም አልሆነም። ልማድ ነው።»

«ልማድ» አለ። ስክሪኑን ትንሽ ወደ ራሱ አዞረው። «ቢሮ አስገብቶሽ በር ዘግቶ ነበር አሉ፣ ሥራ አስኪያጁ። ስለ ልማድ ነው ያወራችሁት?»

ላፕቶፗን ከፈተች። እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ክላክስ መጣ። ከመስኮቱ ውጭ ሁለት አውቶቡሶች ሞተራቸውን እያሞቁ ስለነበር ንግግሩ ተቆራርጦ ነው የሚሰማው። አጎቷ ፊቱን ወደ ፍርግርጉ አዙሮ ጎንበስ አለ። ቀኝ እጁ ማውሱ ላይ ነው። ግራ እጁ ወደ መሳቢያው ሄደ። እሷ ግራውን ነበር የምታየው።

«ካባ ነህ ዛሬ» ሲል ሰማችው።

«ጋሼ፣ በናትህ! ትናንት ወዲያ ነው እኮ ፍሬኑን ያሠራሁት።»

«ፍሬንህ ከተሠራማ ለካባ ጥሩ ነው።»

«ምን አደረግኩህ ግን? እኔ ላይ ብቻ ነው የምትበረታው?»

«ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚለኝ። እሺ በል።»

«እሺ ብዬ ልሙት?»

«እሺ ብለህ ሂድ።»

ክላክስ አጉተመተመ፣ እሺ አለ፣ ሄደ። አጎቷ እጁን ከማውሱ አነሳና ወደ ስክሪኑ ዞረ። ደርቆ ቀረ። ፕሮግራመሯ ከትከሻው በላይ አየች። የክላክስ ካርድ ሆስፒታሉ መስመር ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ክላክስ ትልቁን ስክሪን ቀና ብሎ አይቶ፣ ሳቁን በእጁ ጀርባ ሸፍኖ፣ ወደ መኪናው ሮጠ።

ሆስፒታሉ ላይ ቀድሞ የተሰቀለው ፍሬቻ የተባለው ሾፌር ነበር። ከአፉ ይልቅ ዓይኑን ስለሚያንቀሳቅስ ነው ፍሬቻ የሚሉት፤ ሲቆጣ አንዱን፣ ሲስማማ ሁለቱንም ይጨፍናል። ካርዱ ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ተመልሷል። አጎቷ ካርዱን ትንሽ አየው፣ ባዶውን የካባ ረድፍ አየው፣ አንስቶ ካባ ላይ ጣለው። ፍሬቻ ከግቢው መጥቶ መስኮቱ ፊት ቆመ። ቁጥሩን ሆስፒታል ላይ አይቶት ነበር፤ ዓይኑ እያየ ነው የጠፋው። ምንም አልተናገረም። አንድ ዓይኑን ጨፈነና ወደ መኪናው ሄደ።

ጥሩ ትያትር ነው ብላ አሰበች ፕሮግራመሯ። ለጆሮዬ ካባ ይለዋል፣ በእጁ ሆስፒታል ይሰጠዋል።

አጎቷ ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ መሳቢያውን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ዘጋው፣ ቆለፈው። በኋላ የመኪና ብልሽት ሊያይ ሲጠራ ግን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ወጣ።

ከፈተችው። ሁለት ብርቱካን ተንከባለሉ። ከሥራቸው የድሮዎቹ ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ እንደ መስመሮቹ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። የክላክስ ቁጥር በካባ ረድፍ ላይ ነው። የፍሬቻ በሆስፒታል።

«የማን አሳዳጊ የበደለሽ ነሽ የሰው መሳቢያ የምትከፍቺው?»

በሩ ላይ ቆሟል።

«ብርቱካኑ ከማን ነው?» አለች። አንቱታውን ረሳችው።

«ከክላክስ። በመስኮት ወርውሮብኝ ይሄዳል። ለምን እንደሚሰጠኝ አላውቅም።»

«አላውቅም?»

«አላውቅም አልኩሽ! ካባ የምልከው ሰው ብርቱካን ያመጣልኛል። ምን ብዬ ልረዳው?»

«ካባ አልላክኸውም። ሆስፒታል ነው የላክኸው። እኔው እያየሁህ።»

አጎቷ በሩን ዘጋው። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ድምፁ ሲወጣ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ካባ ነው የጣልኩት። ዞር ብዬ ሳይ ሆስፒታል ሆኗል፤ ልመልሰው ስል መርሳቴ እንዳይታወቅብኝ እፈራለሁ። ፍሬቻን ሰጥቼዋለሁ ብዬ አስባለሁ፣ ሳይ አልሰጠሁትም። ለዚህ ነው ቆርቆሮዎቹን የማስቀምጠው። ከጭንቅላቴ ጋር እያስተያየሁ ነው። እና አይገጥምም።» መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋው። «አባታችን እንዲህ ነበር የጀመረው። ለእናትሽ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

«ለሥራ አስኪያጁ ለምን አትነግረውም?»

«ሌባ ነው ቢሉ እክዳለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ጊዜ ይወስዳል። ጃጅቷል ካሉኝ የዚያኑ ቀን ነው ቤት የሚያስገቡኝ። ቤት ምን አለኝ?»

አላመነችውም። ማመን ፈልጋለች፤ ሌላ ነገር ነው። የጠፋ ጭንቅላት ለምን ሁልጊዜ ለክላክስ ይጠፋል? መስኮቱ ላይ የማይቆመው ሰው ካርድ ለምን ተሳስቶ አያውቅም?

«ተነስና እኔን አሰማራኝ» አለችው። «እኔ ክላክስ ነኝ።»

ወጥታ ስክሪኑ ከጎን በሚታያት ቦታ ከፍርግርጉ ውጭ ቆመች። አጎቷ ተክዞ አያት፣ ከዚያ የክላክስን ካርድ አንስቶ ወደ ካባ ጎተተው።

«ካባ ነህ ዛሬ» አለ።

«አልሄድም።»

«ትሄዳለህ።»

«ጋሼ በናትህ፣ ጎማዬ አልቋል።»

አጎቷ ዓይን ዓይኗን እያየ ነው። አሁን ግን እሷ ቀኝ እጁን ነው የምታየው። ጣቱ ማውሱን እንደተጫነ ነው። አልለቀቀም። ካርዱ ዘንበል ብሎ፣ ጥላውን ጥሎ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። የድሮውን አስታወሰች፤ ቆርቆሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ከምስማሩ ፊት እያወዛወዘ፣ ሰውየው እሺ እስኪል ይከራከር ነበር። ሰው ሳይስማማ ሰቅሎ አያውቅም። ሰሌዳውን ስትሞክር ካርድ አንስታ ይዛ የቆየችበት ጊዜ አልነበረም። ማን ያቆየዋል?

ከኋላዋ አንድ አውቶቡስ በሩን አለፈ። ጥበቃው ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የላይኛው ረድፍ ጠፋ፣ ሌሎቹ ከፍ አሉ። ከተንጠለጠለው ካርድ ሥር ካባ ወጣ፣ ሆስፒታል ገባ። ቢጫው ግን ባለበት ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ።

«እሺ በላ» አለ አጎቷ።

«እሺ» አለች።

ለቀቀው። ሆስፒታል ላይ አረፈ።

«ይኸው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። «ይኸው ደግሞ!»

ኮዷ የሚያስታውሰው እጁ መጨረሻ የተንቀሳቀሰበትን ረድፍ ቁጥር ነበር፤ ሦስተኛ። በሦስተኛው ላይ ማን እንዳለ ሲለቀቅ አይጠይቅም። የማይከራከር ሾፌር ካርድ ወዲያው ይለቀቃል፣ ቦታውን አይስትም። የሚከራከረው ግን አየር ላይ ይቆያል፣ አንድ መኪና ይወጣል፣ ካባው ከሥሩ ይሸሻል። ካባ የደረሰው ሰው ነው ደግሞ የሚከራከረው።

«ጭንቅላትህ ደህና ነው» አለችው በፍርግርጉ። «የኔ ነው የተበላሸው።»

አጎቷ ወደ ፍርግርጉ ተጠጋ። «ልታድኚኝ ብለሽ ነው?» አለ።

ለአለቃዋ ደወለች። አለቃዋ ሳያቋርጥ ሰማት።

«ጥሩ» አለ። «ዛሬውኑ አስተካክይው። ለማንም አትንገሪ። ሐሙስም አትሂጂ፤ የሰውየው ጉዳይ የእነሱ የውስጥ ጉዳይ ነው።»

«ሊያባርሩት ነው።»

«በእኛ ሰሌዳ ምክንያት መሆኑን ካወቁ እኛንም ያባርሩናል። ሁለተኛው ዴፖ ሊፈርም ብዕር አንስቷል። ደግሞ ሰውየው ጉቦ አይቀበልም ያለሽ ማነው?»

ስልኩን ስትዘጋ የመጨረሻዋ ጥያቄ ውስጧ ቀረች። ለቀናት ስትጠይቀው የነበረው እሱኑ ነው። አላስተካከለችውም። ሐሙስ ሁሉም እንዲያየው ስህተቱን እንዳለ ተወችው።

ሐሙስ ስምሪት ክፍሉ ሞልቶ ሾፌሮች እስከ ኮሪደሩ ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ግድግዳው ጋ፣ አጎቷ ወንበሩ ላይ፣ ፍሬቻ ክንዱን አጣምሮ ከፊት። ክላክስን ከመስኮቱ ውጭ አቆሙት።

«ጥፋቱ የሰሌዳው ነው» አለች። «አሁን ታያላችሁ።»

አጎቷ ካርዱን አንስቶ ካባ ላይ ያዘው። ክላክስ በሙሉ ድምፁ ተከራከረ፤ መለማመድ አላስፈለገውም። አውቶቡስ ወጣ። ረድፎቹ ከፍ አሉ።

«አጎቴ፣ አሁን ልቀቀው» አለች።

ካርዱ ሆስፒታል ላይ ወደቀ። ማንም ካርዱን አላየም።

«አጎቴ?» አለ ፍሬቻ። በዓመታት ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን አይቀርም። «አጎትሽ ነው?»

ክፍሉ ተንጫጫ። «አይ ቤተሰብ!» አለ አንዱ ከኮሪደሩ። «ማሽኑም የእህት ልጅ፣ ስምሪቱም አጎት፤ እኛ ብቻ ነን ባዳ!» ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ጠቆረ። «ይሄን እኔ አላውቅም ነበር» አለ፣ ለሁሉም እንዲሰማ።

«የእናቴ ወንድም ነው» አለች። «እኔን ማመን የለባችሁም። ማውሱን እናንተ ያዙት።»

ፍሬቻ አጎቷን በክርኑ ገፋ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የክላክስን ካርድ በራሱ እጅ ካባ ላይ ወሰደው። ጣቱን አላነሳም።

«ካባ ነህ» አለው።

«አንተ ማነህና ነው ካባ የምትለኝ?» አለ ክላክስ።

«ዛሬ እኔ ነኝ።»

«አንተ? አፍህን ከፍተህ የማታውቅ ሰው ሥልጣን ስትይዝ ተናገርክ?»

«ሆስፒታሌን የበላኸው አንተ ነህ! ዓይኔ እያየ!»

«እኔ አልበላሁም፣ ሰጡኝ!»

ፍሬቻ ይህን ሁሉ ጊዜ ያጠራቀመውን አወጣው። ስለ ተሰነጠቁት መስታወቶች፣ ስለ ሳሉ፣ ሚስቱ የልብሱን አቧራ ስለምትራገመው። ዓይኑን ከክላክስ አላነሳም። በመሃል አንድ አውቶቡስ ወጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ። ከኋላው የቆሙት ስክሪኑን እያዩ ነበርና አንዱ መሳቅ ጀመረ።

«እሺ በል!» ብሎ ፍሬቻ ጣቱን አነሳ።

ዞሮ አየ። ክላክስን ከሆስፒታልም አሳልፎ የሥራ አስኪያጁ ቤት ባለበት ሰፈር መስመር፣ ዴፖው ካለው ሁሉ በሚመረጠው ላይ ጥሎት ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ክላክስ ከመስኮቱ ውጭ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሳው።

ፍሬቻ ስክሪኑን አየ፣ እጁን አየ፣ አጎቷን አየ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፈነ።

አጎቷን አላባረሩትም። ፕሮግራመሯ ካርድ በእጅ እስካለ ድረስ ረድፎቹ ባሉበት እንዲቆሙ፣ ሲለቀቅም በቁጥር ሳይሆን በመስመሩ ማንነት እንዲያርፍ አድርጋ አስተካከለችው። ሁለተኛው ዴፖ አልፈረመም። አለቃዋ አላባረራትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የምትጽፈውን ሁሉ ሌላ ሰው ሳያየው እንዳያልፍ አዘዘ። ሥራ አስኪያጁም በኮሪደር ሲያገኛት ሰላምታዋን የሚመልሰው ስልኩን እያየ ነው። ስትወጣ ስትገባ ከማን ጋር ምን ዝምድና እንዳላት የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም።

ያስተካከለችውን ልታይ በሄደችበት ጠዋት ክላክስ መስኮቱ ላይ ነበር። አጎቷ ካርዱን ይዞ ቆየ። አውቶቡስ ወጣ። ሰሌዳው አልተነቃነቀም። ክላክስ እሺ አለ፤ አጎቷ ግን ሳይለቅ በፊት ወደ ስክሪኑ ዞሮ አየ። ከዚያ ወደ ክላክስ። ከዚያ እንደገና ወደ ስክሪኑ። ለቀቀው። ካባ ላይ አረፈ።

ክላክስ ወደ ግቢው ስክሪን ሄዶ አይቶ ተመለሰ። ፊቱ ተለዋውጧል። ተራው የደረሰው ፍሬቻ ከኋላው ቆሟል።

«ጋሼ» አለ ክላክስ፣ ድምፁን ሊያሳንስ እየሞከረ፤ ድምፁ ግን አያንስም። «ብርቱካኑ አነሰ እንዴ?»

ፍሬቻ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።